«ማስተር» የተጻፈበት ካርታ

ገመቹ ከቡራዩ ደውሎ «ኦቦ ቶሎሳ ትንሽ ደከም ብለዋል፤ ብትመጪ ጥሩ ነው» ሲለኝ ማረፋቸውን አወቅኩ። ለትንሽ ድካም ከሌላ ከተማ ሰው የሚጠራ የለም። «እሺ» አልኩት። እሱም «እሺ» አለኝ። ሁለታችንም ያወቅነውን ሳንናገር ስልኩ ተዘጋ።

ሰበታ ካለው ቤቴ ተነስቼ ቡራዩ እስክደርስ ሦስት ታክሲ ቀያየርኩ፤ በሦስቱም እያለቀስኩ ነው የሄድኩት። ሰው እያየኝ ማልቀስ አልወድም፤ ስለዚህ የሚያየኝን ሁሉ እየገላመጥኩ አለቀስኩ። ስሜ ትዕግስት ነው። እናቴ ይህን ስም ያወጣችልኝ ተስፋ አድርጋ እንጂ ጠባዬን አይታ አይደለም። ኦቦ ቶሎሳ በተዋወቅን በሁለተኛው ቀን ነገሩ ገብቷቸው «ይህን ስም ያወጣልሽ ሰው መጠየቅ አለበት» ብለውኝ ነበር።

ዛሬ የምተዳደረው የኮምፒውተር ጌም ካርታ በመሥራት ነው። ተጫዋቹ የሚሮጥበትን መንገድ፣ የሚደበቅበትን ግድግዳ፣ የሚወጣውን ዳገት የማሰናዳው እኔ ነኝ። የት ተማርሽው ሲሉኝ «ከቪዲዮ» ብዬ እገላገላለሁ። ቪዲዮው የትኛውን ቁልፍ እንደምጫን አሳይቶኛል። መሬት ምን እንደሆነ ያስተማሩኝ ግን በሕይወታቸው ጌም ተጫውተው የማያውቁ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ጡረተኛ የመሬት ቀያሽ ናቸው።

ያኔ ቡራዩ ውስጥ፣ በአምቦ መንገድ ዳር፣ አንድ የጽሕፈትና የኮፒ ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ቤተሰቦቼ ከወላይታ የመጡ ናቸው፤ አባቴ የድንጋይ ካባ ላይ ይሠራ ነበር። ኦሮምኛዬ ከሰላምታ ብዙም አያልፍም። ከቤቱ አራት ኮምፒውተሮች በአንዱ ላይ አንድ ደንበኛ በፍላሽ ያመጣው የተኩስ ጌም ተጭኖ ነበር፤ ከጌሙ ጋር ደግሞ የራስን ካርታ መሥሪያ ፕሮግራም አብሮ አለ። ሌላው ሰው ጌሙን ሲጫወት እኔ መሥሪያውን ከፈትኩና እዚያው ቀረሁ። ሥራ ሲቀዘቅዝ ተራራ አቆማለሁ፣ መንደር እመሠርታለሁ፣ ካልጣመኝ አፈርሳለሁ። ይህን የሚሠሩ ሰዎች ደሞዝ እንደሚከፈላቸው ሳነብ ደግሞ ቆረጥኩ፤ የኔ ሥራ ይሄ ነው አልኩ።

ኦቦ ቶሎሳ የመጡት የጡረታ ማመልከቻ ሊያስጽፉ ነበር። እኔ ስጽፍ እሳቸው በትከሻዬ በኩል ጥግ ላይ ያለውን ኮምፒውተር ያያሉ። የመነፅራቸው ክንድ ተሰብሮ በሲባጎ ታስሯል፤ ወደ ግንባራቸው ገፋ፣ ወደ አፍንጫቸው መለስ አደረጉትና፣

«ይሄ የት ነው?» አሉኝ።

«የትም አይደለም ኦቦ፤ ጌም ነው።»

«ወንዙ ሽቅብ እየፈሰሰ ነው።»

ዞር ብዬ አየሁ። ሦስት ቀን የለፋሁበት ወንዝ ከሜዳው ተነስቶ ኮረብታውን ይወጣል።

«ጌም እኮ ነው፤ ማን ያየዋል?»

«ማንም ላያየው ይችላል። ውሃው ግን ጌም መሆኑን አያውቅም።»

ተናደድኩ። ማመልከቻቸውን ከነስህተቱ አትሜ ሰጠኋቸው፤ እሳቸውም ስህተቱን አይተው ዝም ብለው ወሰዱት። ከወጡ በኋላ ግን ወንዙን ገለበጥኩት። በማግስቱ ያለ ምንም ወረቀት መጡ። ስክሪኑን አዩና «ኤዬ፣ አሁን ፈሰሰ» ብለው አጠገቤ ቁጭ አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሰዓት በኋላ የማይመጡበት ቀን ጥቂት ነው።

ሲሄዱ እርምጃ ይቆጥራሉ። ሠላሳ ዓመት የቆጠረ እግር በጡረታ አያርፍም መሰለኝ። መንገድ ላይ ሰላም ካልካቸው አንድ ጣታቸውን ያነሳሉ፤ ቆይ ማለታቸው ነው። የጀመሩትን ቆጥረው ይጨርሱና ተመልሰው ጤናህን፣ ቤተሰብህን፣ ከብትህን ይጠይቃሉ። ባለቤታቸው አደ ጫልቱ «በሠርጋችን ቀን እጄን ይዞ ሲወስደኝ እንኳ ይቆጥር ነበር» እያሉ ያሟቸዋል። «ስንት ሆነ?» ብዬ ስጠይቃቸው ኦቦ ቶሎሳ ሳያመነቱ፣ «አርባ ሦስት። ግን የሷ እርምጃ አጭር ነው» አሉኝ።

ተጫዋች የሚለውን ቃል አይወዱትም። «መንገደኛው» ነው የሚሉት። መንገደኛው ከየት መጣ? ፀሐይዋ በየት በኩል ናት? ዳገት ወጥቶ ከሆነ የሚያርፍበት አለው? እኔ ስለ ጠላትና ስለ ጥይት ሳስብ እሳቸው መንገደኛው ጫማው ጭቃ ይይዝ እንደሆነ ይጠይቁኛል። መጀመሪያ እበሳጭ ነበር። ቆይቶ ግን ጭቃ የምጠላ ሰው ራሴ በካርታዬ ላይ ሰው ሁሉ ጭቃ ውስጥ እንዲያልፍ ማድረጌን አየሁ።

አንድ ቅዳሜ ሱሉልታ ወሰዱኝ። ከሜዳው መሃል አቁመውኝ «ሂጂ» አሉኝ።

«ወዴት?»

«ወደ ፈለግሽው።»

ብርዱ ጆሮዬን ሊቆርጠው ደርሷል። እያጉረመረምኩ ሄድኩ፤ እሳቸውም እየቆጠሩ ከኋላ ተከተሉኝ። ቆም ብዬ ስዞር ራሴን አንድ የድርቆሽ ክምር ሥር አገኘሁት።

«ወደዚህ ነይ ያለሽ ማን ነው?»

«ማንም።»

«ክምሩ ነው የጠራሽ። በሜዳ ላይ አንድ ከፍ ያለ ነገር ካቆምሽ ሰው ራሱ ይመጣልሻል፤ ቀስት መሳል ምን ያደርጋል?»

ካርታዬ ላይ በየመታጠፊያው ቀስት የምተክል ሰው ነበርኩ። ሰኞ ዕለት በሙሉ ነቀልኳቸው። እስከ ዛሬ ቀስት አልሳልኩም፤ አለቆቼ ለምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ ስለ ሱሉልታ ድርቆሽ ማስረዳት ስለሚከብደኝ «ልማድ ነው» እላለሁ።

ለሰው እንዲህ የሚያስቡትን ሰው ግን በሰፈራቸው ሰላም የሚላቸው ጥቂት ነበር። ይህን ለማወቅ ጊዜ ወሰደብኝ፤ የነገሩኝም አደ ጫልቱ ናቸው። ኦቦ ቶሎሳ በመጨረሻዎቹ የሥራ ዓመታቸው የተሰጣቸው ሥራ በገበሬው ማሳ ላይ ችካል መትከል ነበር። ችካሉ በተተከለበት ሁሉ ከኋላ አፍራሽ ማሽን ይመጣል። «ታዝዤ ነው» ሲሉ ሰምቻቸው አላውቅም። አንድ ቀን ግን አንድ ችካል ተክለው ወደ ቤት ገቡና ጉልበቴ ታመመ አሉ፤ ከዚያ ወዲያ ወደ ሥራ አልተመለሱም።

ያ የመጨረሻው ችካል የተተከለው በኦቦ ደበላ ግቢ ነው። ኦቦ ደበላ ለረጅም ዘመን ወዳጃቸው የነበሩ ገበሬ ናቸው። ግቢው ዛሬ ትልቅ የቆርቆሮ መጋዘን ቆሞበታል። እሳቸው ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ሁለት ክፍል ተከራይተው ከልጃቸው ከገመቹ ጋር ይኖራሉ። ሁለቱ ሽማግሌዎች በየጠዋቱ በአንድ መንገድ ይተላለፋሉ። ኦቦ ቶሎሳ መቁጠራቸውን አቋርጠው «አካም ቡልታን» ይላሉ፤ እንደምን አደሩ ነው። ኦቦ ደበላ የወጨጫን ተራራ እያዩ ያልፋሉ። ይህ በየቀኑ ነው፤ ለዓመታት። ቡራዩ ላይ ሰላምታ ከጉዳዩ በላይ ጊዜ ይወስዳል፤ እንዲህ ባለ ቦታ መልስ ያጣ ሰላምታ ምን ያህል እንደሚከብድ አስቡት።

«እኔ ብሆን በሦስተኛው ቀን መንገድ እቀይር ነበር» አልኳቸው።

«ሰላምታው የኔ ነው፤ መልሱ የሳቸው ነው» አሉኝ። «የኔን ላቋርጥ እንዴ?»

በዚያው ሰሞን ነው ማስታወቂያውን ያገኘሁት። አንድ የውጭ አገር የጌም ኩባንያ ካርታ ሠሪ ይፈልጋል። ዲግሪ አልጠየቁም፤ በራስ የተሠራ አንድ ካርታ ይዛችሁ ቅረቡ ነው የሚሉት። ሳነብላቸው ኦቦ ቶሎሳ መነፅራቸውን አወለቁ።

«ሁለታችንም እንግባበት» አሉ። «አንቺ ጣትሽን፣ እኔ እግሬን።»

ሳቅሁ፤ እሳቸው ግን የምራቸውን ነበር። «የሥራ ልምድ የሚለው ላይ ሠላሳ ዓመት ብለሽ ጻፊ» አሉኝ። የምን ሠላሳ ዓመት ስላቸው «የካርታ!» ብለው ተቆጡ። ጻፍኩት። ጌም ሠርተው የማያውቁ የሠላሳ ዓመት ባለሙያ ይዤ ልቀርብ ነው።

«ይህን ያህል ለምን ፈለጉት ግን?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«እዚህ ላይ መንገድ ብቀይስ ተነሺ የለም» አሉ። ተነሺ የሚባለው ከመሬቱ እንዲነሳ የሚደረገው ገበሬ ነው፤ በደብዳቤ ስጽፈው የኖርኩት ቃል ነው፤ ያን ቀን ግን እጄ ቁልፎቹ ላይ ቆመ።

ካርታችን ቡራዩን የሚመስል ከተማ ነበር። ዋናው መንገድ፣ ካባው፣ ወፍጮ ቤቱ፣ ድልድዩ፣ ወደ ገፈርሳ ውሃ የሚወስደው ቁልቁለት። ኦቦ ቶሎሳ ጠርዙ የተበላ የመስክ ደብተራቸውን እያገላበጡ ልኩን ይነግሩኛል። የተጣላነው ስለ አንድ ጥግ ነው። ከወፍጮው በስተቀኝ፣ መንገደኛው ምንም ጉዳይ በሌለበት ቦታ፣ አንድ ግቢ አሠሩኝ። የቁልቋል አጥር፣ የሣር ቤት፣ በረት፣ ጎተራ፣ የውሃ ጉድጓድ። ጠላት የለበትም፤ መሣሪያ አይገኝበትም፤ ወደ ሌላ ቦታም አያሳልፍም።

«መንገደኛው እዚህ መጥቶ ምን ይሠራል?» አልኳቸው።

«ምንም።»

«ታዲያ ይጥፋ!»

«ይኑር ኢንተላኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው።

ሥራ የሌለው ቦታ ካርታ እንደሚያበላሽ ከቪዲዮ ተምሬያለሁ፤ ሥራውን የሚያሳጣኝ ይህ ጥግ ነው ብዬ ደመደምኩ። አንድ ቀን ሳይመጡ ሰረዝኩት። በማግስቱ መጥተው አዩ። አልተቆጡኝም። ማውሱን ከእጄ ወሰዱና፣ በዚያ በማይታዘዛቸው ጣት፣ ቁልቋሉን አንድ በአንድ መትከል ጀመሩ። አራት ቀን ፈጀባቸው። አላገዝኳቸውም። ዛሬ ሳስበው እጄን መቁረጥ ያምረኛል።

ከዚያ አገሩ ታመሰ። አዲስ አበባን በዙሪያዋ ካሉት ከተሞች ጋር ያያይዛል የተባለው ማስተር ፕላን በሰው ሁሉ አፍ ነበር፤ መሬታችን ሊሄድ ነው የማይል ገበሬ አልነበረም። መንገዱ በድንጋይ ይዘጋል፣ ታክሲ ይጠፋል፣ ኢንተርኔቱ ብቅ ብሎ ይሰወራል። ልጅ የሞተባቸው ቤቶች ነበሩ። በየቀኑ ድንኳን እያየን ነው ሱቅ የምንከፍተው። ሜትር ይዞ መንገድ ላይ የታየ ሰው በጥርጣሬ ነው የሚታየው። አደ ጫልቱ ባለቤታቸውን መንገድ ላይ እንዳይቆጥሩ ለመኑ። ኦቦ ቶሎሳም እሺ ብለው በልባቸው መቁጠር ጀመሩ፤ ከንፈራቸው ግን ይንቀሳቀሳል።

ጥፋቱን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። በኮፒ ቤት ቋንቋ ማስተር ማለት ኮፒ የሚነሳበት ንጹሕ ወረቀት ነው። ተሳስተን ለደንበኛ እንዳንሰጠው ከላዩ በቀይ እስክርቢቶ «ማስተር» ብለን እንጽፍበታለን። ኦቦ ቶሎሳ በእርሳስ እንዲያርሙልኝ ካርታችንን ከላይ እንደሚታየው አድርጌ በትልቅ ወረቀት አተምኩት። እጄ እንደለመደው በቀይ፣ በትልቁ፣ «ማስተር» ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ ደግሞ «ቡራዩ»። ኦቦ ቶሎሳ መነፅራቸው ግንባራቸው ላይ እንዳለ፣ ጽሕፈቱን ሳያዩ ወረቀቱን አጠፉትና፣ ከወፍጮው እስከ ድልድዩ ያለውን ልክ ላጣራ ብለው ወጡ።

ብዙም አልቆየም፤ አንዲት ደንበኛ እያለከለከች ገብታ «ቀያሹን ካርታ ይዘው አገኟቸው!» አለች። ቤቱን ክፍቱን ትቼ ሮጥኩ።

ወፍጮ ቤቱ ጋ ወጣቶች ከበዋቸዋል። የኦቦ ደበላ ልጅ ገመቹ ወረቀቱን ዘርግቶ ይዟል። ገመቹ ኮሌጅ የሚማር ጨዋ ልጅ ነው፤ በዚያ ሳምንት ግን የቅርብ ጓደኛውን ቀብሯል፤ ፊቱ ሌላ ሰው ሆኗል።

«ማሊ ኩን? ይሄ ምንድነው ኦቦ ቶሎሳ?» በቁጣም ሆኖ አንቱታውን አልተወም። «ይሄ የኛ መንገድ፣ ይሄ የኛ ወፍጮ፣ ይሄ ድልድያችን! ይኸው ማስተር ተብሎበታል። ማነው የጻፈው? ማነው የላከዎት?»

ኦቦ ቶሎሳ ቀና ሲሉ ከሰው ጀርባ የቆምኩትን እኔን አዩኝ። ዓይናቸውን ወዲያው መለሱ።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት» አሉ። «ማንም አልላከኝም።»

ከሌላ አገር የመጣሁ፣ ቋንቋውን በቅጡ የማላውቅ ሴት ልጅ መሆኔን አስበው ነው። እኔም ዝም አልኩ። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም፤ ለዚያ ዝምታዬ ዛሬም አፍራለሁ። አንዱ ጎንበስ ብሎ ድንጋይ ሲያነሳ ነው አፌ የተከፈተው።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት! የኮፒ ቤት ማስተር ነው!»

ሁሉም ዞሩ። «የኮፒ ቤት ማስተር ደግሞ ምንድነው?» አለ ገመቹ።

«ያንተም አለ!» ብዬ ጮህኩበት። ስደነግጥ እቆጣለሁ። «ባለፈው የገበሬዎቹን አቤቱታ ኮፒ ልታስደርግ አምጥተህ አልነበር? እሱም ላይ ማስተር ብዬበታለሁ! ና ተመልከት!»

ተከተሉኝ፤ ኦቦ ቶሎሳን በመሃል አድርገው። መደርደሪያውን አወረድኩላቸው። የዕድር ደንብ፣ ከላዩ ማስተር። የሠርግ ጥሪ፣ ማስተር። የሰባተኛ ክፍል ፈተና፣ ማስተር። ከሁሉ ሥር የገበሬዎቹ አቤቱታ ወጣ። «ማስተር ፕላኑን እንቃወማለን» ይላል፤ ከዚያ በላይ፣ በኔው ቀይ ጽሕፈት፣ «ማስተር»። አንዱ ሳቅ አመለጠው። ሌላውም ተከተለ። ድንጋይ የያዘው ልጅ ድንጋዩን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ አጠገብ አስቀመጠው። ገመቹ ብቻ አልሳቀም።

«ካርታውስ?» አለኝ።

«ተቀመጥ።»

ጌሙን ከፈትኩለት። ከዋናው መንገድ ጀመረ። ከኋላው የቆሙት «ያ ካባው ነው!»፣ «አየኸው ድልድዩን!» እያሉ ይጠቋቆማሉ። ገመቹ ወፍጮው ጋ ሲደርስ ማንም መንገደኛ በማይታጠፍበት ቦታ ወደ ቀኝ ታጠፈ። ሳያስብበት ነው የታጠፈው። በቁልቋሉ አጥር አልፎ፣ ጉድጓዱን አልፎ፣ ከቤቱ ፊት ቆመ። እጁን ከማውሱ ላይ አነሳ።

«መነ ኬኛ» አለ። ቤታችን። ያን የሚያህል ኦሮምኛ ይገባኛል።

ኦቦ ቶሎሳ በሩ አጠገብ ቆመው ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘዋል።

«ልኩ ደብተሬ ላይ ነበር» አሉ። «ግቢውን ለማንሳት ግማሽ ቀን ነው የፈጀው። ለመመለስ ይኸው ስንት ወር ሆነኝ።»

ገመቹ ተነሳ። ወረቀቱን በቀስታ አጥፎ በሁለት እጁ ሰጣቸው፤ ከዚያም ማንንም ሳያይ ወጣ። እኔ ስክሪኑ ላይ አፍጥጬ ቀረሁ። የሰረዝኩት ምን እንደነበር ያወቅኩት ያኔ ነው።

ከሦስት ቀን በኋላ አባቱን ይዞ መጣ። ኦቦ ደበላ ከኋላችን ቆመው ወደ ስክሪኑ አተኩረው ተመለከቱ። ኦቦ ቶሎሳ አንገታቸውን ደፍተዋል። በመጨረሻ ኦቦ ደበላ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺ ልጅ፣ ጎተራው በግራ በኩል ነበር በዪው።»

ሁለቱ የሚራራቁት አንድ ክንድ ቢሆን ነው። ግን ታዘዝኩ። «ኦቦ ቶሎሳ፣ ጎተራው በግራ ነበር አሉ።»

«ደብተሬ ላይ በቀኝ ነው በያቸው።»

«ደብተሩ ተሳስቷል በዪው። እዚያ የኖርኩት እኔ ነኝ።»

ጎተራውን ወደ ግራ ወሰድነው። በሚቀጥለው ሳምንት ኦቦ ደበላ ተመልሰው መጡ፤ በረቱ ጠቦ ነበር። ከዚያም በኋላ መጡ፤ የጉድጓዱ አፍ ድንጋይ ክብ አልነበረም። ሁለት ወር ያህል እንዲህ ቆየን። ሁለቱም አማርኛውንም ኦሮምኛውንም አቀላጥፈው ይናገራሉ፤ እኔ ደግሞ በመሃል አስተርጓሚ ሆኜ በዪው፣ በያቸው ስባል እውላለሁ። አንድም ቀን አልተቆጣሁም። እናቴ ብታየኝ ስሙን በማውጣቷ ትኮራ ነበር።

ማመልከቻችን ግን ቀኑ አለፈበት። ኢንተርኔት በተዘጋበት ሳምንት ነበር መላክ የነበረብን። ሲከፈት ላክነው፤ መልሱም መጣ፤ ቦታው ተይዟል፣ እናመሰግናለን ይላል። አነበብኩላቸውና ጠረጴዛውን በቡጢ መታሁት። ተስፋዬ ሁሉ እሱ ነበር። ኦቦ ቶሎሳ ጠበቁኝ፤ ለቅሶዬን ስጨርስ «የኔም ስም አለበት?» አሉኝ።

«አለ። ለትዕግስትና ለቶሎሳ ነው የሚለው።»

«ጥሩ። አንቺ ሌላ ትልኪያለሽ፤ እግርሽ ተምሯል» አሉኝ። «እኔ ግን ዛሬ ሥራ አለኝ፤ ኦቦ ደበላ ይመጣሉ።»

እውነታቸውን ነበር፤ ሌላ ላክሁ፣ ሌላም ላክሁ፣ በኋላ አንዱ ወሰደኝ። ግን የማልረሳው ያን ከሰዓት ነው።

ኦቦ ደበላ መጥተው ግቢውን ዳር እስከ ዳር አዩ። የሚታረም አልተገኘም። «ሌላ ነገር አለ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ በእኔ ላይ አልፈው ተናገሩ።

«ቶሎሳ።»

ኦቦ ቶሎሳ እጃቸውን ከቁልፎቹ ላይ አነሱ።

«ያን ቀን ጠዋት ሚስቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ግባ ቁርስ ቅመስ ብላህ ነበር። አንተ አጥሩ ጋ ቆመህ ሥራ ላይ ነኝ አልካት።»

«ብያለሁ።»

«ብትገባ ኖሮ ያን ችካል ትተክለው ነበር?»

«አልተክለውም ነበር» አሉ ኦቦ ቶሎሳ። ድምፃቸው አይሰማም። «ለዚያ ነው ያልገባሁት።»

ውጭ አንድ ታክሲ ጥሩንባውን እየነፋ አለፈ።

«አሁንስ ሥራ ላይ ነህ?» አሉ ኦቦ ደበላ።

«አይደለሁም።»

«እንግዲያው ግባ።»

ኦቦ ቶሎሳ ጣታቸውን ቁልፉ ላይ አሳረፉ። ቀስ ብለው በአጥሩ መግቢያ አለፉ፤ በረቱን አለፉ፤ ከቤቱ በር ደረሱ።

«በሩ አጭር ነው» አሉ ኦቦ ደበላ፤ «ጎንበስ በል።»

ኦቦ ቶሎሳም ወንበሩ ላይ እንደተቀመጡ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ገቡ።